ቪትዜ ፋናን በ78.1 ነው የምትሰማው

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ቴፑ ከጃፓን አብሯት የመጣው ነው፤ ሬዲዮና ሲዲ ብቻ። ኦክስ (የስልክ ድምፅ በገመድ የሚገባበት ቀዳዳ) የለው፣ ብሉቱዝ የለው፣ ፍላሽ መሰኪያ የለው። ሲዲ ማጫወቻው ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት የከተተለትን አንድ ሲዲ እንደዋጠ ቀርቷል። ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ። ጠዋት ማታ የእንጦጦን ዳገት ስወጣና ስወርድ ስልኬ ላይ የጫንኩትን ሙዚቃ መስማት አማረኝ።

ቴፑን ለማስቀየር ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ተመለስኩ። የቀረኝ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ ነው፣ ትራንስሚተር የሚሉት። ሥራው ቀላል ነው። ስልኩ ሙዚቃውን በብሉቱዝ ያቀብለዋል፣ እሱ ደግሞ እንደ አንድ ሚጢጢ የኤፍኤም ጣቢያ ያሰራጨዋል። የመኪናው ሬዲዮ እንደማንኛውም ጣቢያ ይይዘዋል። (ቴፓችሁ ኦክስ ካለው ግን ይህን ሁሉ ተዉትና አንድ ገመድ ግዙ። ድምፁም ይበልጣል።)

የመጀመሪያውን መብራት ይዞኝ ቆሜ ከአዟሪ ገዛሁ። አረንጓዴ እስኪበራ ተከራክረን በ700 ብር ተስማማን። ቤት ስደርስ ሰካሁት። ቁጥሩ 88.3 ይላል። ሬዲዮዬንም 88.3 ላይ አደረግኩ። ሽሽሽሽ። ሌላ ምንም የለም። ስልኬ ተገናኝቻለሁ ይላል፣ ዘፈኑም ስክሪኑ ላይ እየሄደ ነው። ወደ 87.9 ወሰድኩት፣ ወደ 89.5 መለስኩት፤ ያው ነው። ተሸወድኩ ብዬ ዕቃውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት፣ እሱም በማግስቱ ፈታታው። ሁለተኛውን መርካቶ ሄጄ ከሱቅ ገዛሁ፣ ከበፊቱ በሚወደድ ዋጋ። እሱም ሽሽሽሽ።

በመጨረሻ ሰፈራችን ያሉ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ዕቃውን ነካ እንኳ አላደረጉትም።

«ፋናን በስንት ነው የምትሰማው?» አሉኝ።

«በ78.1።»

«ፋና ስንት ነው?»

«98.1።»

«እና ሃያው የት ገባ?»

አፍሬ ሳቅኩ። መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ ሸገርን በ82.1፣ ፋናን በ78.1 እየሰማሁ፣ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ይሰማል፣ በቃ።

ጋሼ እንዳስረዱኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ የጃፓን ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው። የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከ90 በላይ ናቸው። ስለዚህ አንቴናው ገመድ ላይ ኤክስፓንደር የሚባል ትንሽ ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ የሚመጣውን ሁሉ በ20 ዝቅ አድርጎ ለሬዲዮው ያቀብላል። የሌላ ሰው መኪና ላይ ያለው በሌላ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ የእኔው 20 ነው። የትራንስሚተሩ 88.3 በዚያ ሳጥን ሲያልፍ 68.3 ይሆናል። ሬዲዮዬ ላይ እንዲህ የሚባል ቁጥር የለም። ዕቃውን አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ፣ ሬዲዮውን ከዚያ በ20 ዝቅ ያለው ላይ አደረጉት። ዘፈኑ ከመሃሉ ጀመረ። ሁለቱም ዕቃዎች ጤነኞች ነበሩ ማለት ነው። ያ የተፈታታውም ምስኪን ጭምር።

አሁን የምጠቀምበትን 106.5ን (ሬዲዮዬ ላይ 86.5) ያገኘሁት ግን ወዲያው አልነበረም። መጀመሪያ የሞከርነው ሌላ ቁጥር ሱሉልታ ላይ ጭር ያለ ነበር፤ ድምፁም ጥርት አለ። በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ጨርሼ ወደ አዲሱ ገበያ ማቆልቆል ስጀምር ዘፈኑ ሁለቴ ተንኮሻኮሸና ጠፋ። በምትኩ አንድ ሰውዬ ስለ ስኳር በሽታ ምክር ይሰጣል። የኤፍኤም ሞገድ ተራራ አይወድም። ሱሉልታ ላይ እንጦጦ ይጋርደዋል፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ከተማው በሙሉ ይከፈትብሃል። በዚያ ላይ ኤፍኤም ላይ በአንድ ቁጥር ሁለት ድምፅ ተቻችሎ አይኖርም። ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። ትራንስሚተሩ ደግሞ ሌላውን እንዳይረብሽ ተብሎ ደካማ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ባዶ ቁጥር ከቤቴ በር ላይ መፈለጌን ተውኩ። አንድ እሁድ መሃል ከተማ ወርጄ፣ ዳር ይዤ ቆሜ፣ ዕቃውን ነቅዬ ሬዲዮውን ብቻ እያዞርኩ ፈለግኩ። በ105.3 እና በ107.8 መካከል ያለው ቦታ በእኔ መንገድ ላይ እስካሁን አላስከፋኝም።

ስለ ዕቃው ራሱ ብዙ አልልም። ከመርካቶ የገዛሁት ኮብልስቶን ላይ ይላቀቃል። በተላቀቀ ቁጥር አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ «ኮኔክትድ» ትላለች፤ ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ስድስት ሰባት ጊዜ። ስለዚህ ሦስተኛውን ስገዛ መኪናዋን ይዤ ሄድኩና ሱቁ በር ላይ ሰክቼ አወዛወዝኩት። አንገቱ የሚታጠፍ ነው፣ ማርሽ ስቀይር እጄን አይነካኝም። የባትሪውን ቮልትም ያሳያል፤ ሞተር ተነስቶ 14 አካባቢ ካላየሁ ዲናሞውን እጠረጥራለሁ። ስልኬን በእሱ ቻርጅ ሳደርግ ግን ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር እንደ ንብ የሚጮህ ድምፅ ይገባል። በፓወር ባንክ ቻርጅ ማድረግ ጀመርኩ፣ ጠፋ። ድምፁን ደግሞ ስልኩ ላይ ከፍ፣ ቴፑ ላይ ዝቅ አደርጋለሁ። ገልብጬ ሳደርገው ከዘፈኑ እኩል ሽሽታው ይጮኻል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን እናት አዲሱ ገበያ ድረስ ሸኘኋቸው። ጸጥ ብለው ሦስት ዘፈን አዳመጡ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ጣቢያ ደግ ነው። ማስታወቂያ የለው፣ ወሬ የለው። በስንት ነው የሚገኘው?»

«በ86.5» አልኳቸው፣ አፌ ላይ እንደመጣልኝ። ቤታቸው ሄደው ሬዲዮናቸውን ሲያዞሩ ውለዋል አሉ።