ሁለቱም ጫፍ ላይ የበራው ቴስተር

የኤሌክትሪክ ተከላ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የኦም ሕግን፣ ማለትም ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው የሚለውን፣ ጥርት አድርገው ይሠራሉ። ቮልቴጁንና ሬዚስታንሱን ስጧቸው፣ ከረንቱን ወዲያው ያወጡታል። ወርክሾፕ ስንገባ ግን ነገሩ ይለያል።

አንድ ቀን መለማመጃው ቦርድ ላይ አምፖሉ አልበራ አለ። ብሬከሩ አልወረደም። ማብሪያው በርቷል። አምፖሉን ቀየሩት፣ ያው ነው። ከጎበዞቹ አንዱ ቴስተር፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ የሚበራውን መፈተሻ፣ አነሳና የአምፖሉን መያዣ (የሆልደሩን) አንድ ጫፍ ነካ። በራ። ሌላኛውን ነካ። እሱም በራ።

«ቲቸር፣ ሁለቱም ፌዝ ነው እንዴ?» አለች አንዷ። ፌዝ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ ነው፣ የሚመልሰው ደግሞ ኒውትራል ይባላል።

ቮልቴጅ የሚለካውን መልቲሜትር በሁለቱ ጫፎች መሀል ሲያደርጉት ደግሞ ዜሮ አነበበ። ጭራሽ ግራ ተጋቡ። በዚህ መሀል አንዱ ልጅ ማገናኛ ሳጥኑን ከፍቶ ሰማያዊውን ሽቦ ሊይዝ እጁን ሰደደ። «ኒውትራል እኮ አይነዝርም» እያለ። ጮኼ አስቆምኩትና ዋናውን ብሬከር አወረድኩት።

ኒውትራሉ ከማሰሪያው ላልቶ ወጥቶ ነበር። ቦርዱ በየጊዜው ስለሚፈታና ስለሚታሰር ብሎኑ ያልቃል። መንገዱ ሲቆረጥ ከረንት አይሄድም። ከረንት ካልሄደ አምፖሉ ላይ የሚወድቅ ቮልቴጅ የለም። ስለዚህ ከአምፖሉ ወዲህ ያለውም ወዲያ ያለውም ሽቦ ከመሬት ጋር ሲለካ 220 ቮልት ይዟል። ያ ልጅ ሊነካው የነበረው ሰማያዊ ሽቦ ፌዙን ያህል አደገኛ ነበር።

ይህ ደግሞ ራሱ የኦም ሕግ ነው። ከረንቱ ቦታ ዜሮ ማስገባት ብቻ ነው። ግን ዜሮን የሚጠይቅ ፈተና አይተው አያውቁም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የዘንድሮ ልጆች ደካሞች ናቸው» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። መጽሐፉ የሚሥለው ጤነኛ ሰርኪዩት ብቻ ነው። ቦርዱ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነው። ቀልጣፋው መሣሪያውን ይይዛል፣ የቀሩት ቆመው ያያሉ። ያየ ሁሉ እንደሠራ ይቆጠራል። ሥራ ዓለም ሲገቡ ግን የሚጠሩት አንድ ነገር እምቢ ሲል ነው።

አሁን የሠሩት ሰርኪዩት ከበራ በኋላ ትምህርቱ አያልቅም። ብሬከሩን አውርደን አንዱ ብልሽት ይደብቃል፣ ጓደኛው ይፈልጋል። መልቲሜትሩን ከማስነካቱ በፊት ስንት ያነባል ብሎ እንደሚጠብቅ ይጽፋል። ንባቡ ከጠበቀው ሲለይ ክርክሩ ይነሳል፣ ትምህርቱም የሚገባቸው ያኔ ነው። ማንኛውም ሽቦ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ተለክቶ ሳይረጋገጥ አይነካም።

ጊዜ ይበላል፣ አልክድም። ከካሪኩለሙ ወደኋላ እቀራለሁ። ከክፍል ኃላፊው ጋርም በዚሁ ተነጋግረናል። የተግባር ፈተናው ግማሽ ነጥብ ብልሽት ፍለጋ ላይ ይሁን ብዬ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። እሱ አንድ ምዕራፍ ሳይሸፈን መቅረቱ ያሳስበዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የዚያ ልጅ እጅ ነው።