አሥር ሣጥን

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምታግዘኝ ፊሊፒናዊት ተማሪ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሟ አቴ መስሎኝ ነበር። ሁሉም «አቴ፣ አቴ» ይላታል፤ እኔም ተከትዬ አልኳት። በፊሊፒንሶቹ ቋንቋ በታጋሎግ ታላቅ እህት ማለት መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። የኛ «እቴ» ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ወንዱ ኩያ ነው። ታናሽ ደግሞ አዲንግ ይባላል፤ ይኼኛው ከኢሎካኖ፣ ከሌላው ቋንቋቸው የመጣ ነው አሉኝ። በዕድሜ አቴን በሁለት ዓመት እበልጣታለሁ። ለግቢው አዲስ ስለሆንኩ ግን አዲንግ ሆኜ ቀረሁ።

ነገሩ የጀመረው ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከኮሚኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ትራንስፈር አድርጌ ነው የመጣሁት። እዚያ ትምህርቱ በሴሚስተር ስለነበር አራት ወር ገደማ ፋታ አለ። እዚህ በኳርተር ነው፤ አሥር ሳምንት ተምረህ ፈተና። ገና ሕንፃውን ሳልለይ የኬሚስትሪ ሚድተርም፣ የአጋማሹ ፈተና ደረሰ። ውጤቱን ስልኬ ላይ አየሁና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት። ማታ እናቴ ስትደውል «በጣም አሪፍ ነው» አልኳት።

ላብራቶሪ ውስጥ አጠገቤ የምትቆም ፊሊፒናዊት ልጅ ነበረች፣ እሷም ትራንስፈር። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቅ «ነይ» ብላ ስፒር ወደሚባል ቢሮ ወሰደችኝ።

ስፒር በ1972 ከተመሠረተው ሳማሃንግ ፒሊፒኖ ከሚባለው የተማሪዎች ማኅበር የወጣ ነው። ሥራው የገባው ተማሪ እንዳይወድቅ መደገፍ ነው። ስፔስ የሚባል ወንድም አለው፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ኮሚኒቲ ኮሌጆች ድረስ እየሄደ ገና ያልገቡትን ያግዛል። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሱት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችኝ አቴ ናት፤ ስንት እንዳገኘሁ አልጠየቀችኝም። ወረቀት አወጣችና ለአሥሩ ሳምንት አሥር ሣጥን ሣለች። ሦስተኛው ላይ ኤክስ አደረገችበት። «እኔም እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት» አለች። እሷም አምና ነው ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የመጣችው። ከዚያ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስገባ ምን ብዬ እንደምጀምር አለማመደችኝ። እሷ ፕሮፌሰር ሆነች፣ እኔ ጠረጴዛውን አንኳኳሁ። በሃያ አራት ዓመቴ በር ማንኳኳት ተማርኩ።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ እያለሁ ደሞዝ የሚከፈለው አማካሪ ለሜጀሬ የማይቆጠር ኮርስ አስወስዶኝ ነበር። አራት ዩኒት፣ አንዱ በ46 ዶላር ሒሳብ 184 ዶላር። ከብሩ ይልቅ የባከነው ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ። የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር የሚያሳይ አሲስት የሚባል ድረ ገጽ መኖሩን የነገረችኝ አቴ ናት። ስድስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ካምፓሶች መስፈርቱን ላሟላ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ቅበላውን በዋስትና እንደሚሰጡም እንደዚሁ (ዩሲኤልኤ የለበትም)። ለኔ ረፍዷል። ለታናሽ ወንድሜ ግን ደረሰ፤ ያኔውኑ ደወልኩለት።

ስብሰባቸው ሲያልቅ ሁሉም ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ይጀምራል። እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄድና አንዱ «ኢሳንግ ባግሳክ!» ሲል አንድ ጭብጨባ፣ ከዚያ ጸጥ። በ1965 ካሊፎርኒያ፣ ዴላኖ ውስጥ የወይን እርሻ አድማ ከመቱት ፊሊፒናውያንና ሜክሲካውያን የወረሱት ነው ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን እኔ አንድ ትርፍ አጨበጨብኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሎስ አንጀለስ ለነሱም ለኛም ሰፈር የሰየመችው በአንድ ዓመት፣ በ2002 ነው። ለነሱ ሂስቶሪክ ፊሊፒኖታውን፣ ለኛ ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ። እኛ የሐበሻ ልጆች ስንገናኝ እስክስታው ይደምቃል፣ ክትፎው አይጠፋም። ስለወደቀ ፈተና ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ገመና ነዋ።

ሁለተኛው ሚድተርም ላይ ቢ ማይነስ አገኘሁ። ያኔ እኔ ነኝ ለእናቴ የደወልኩት። እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ላይብረሪው ውስጥ ተሰማ። የመጀመሪያውን እስካሁን አልነገርኳትም።