ስለቴ ሰምሮልኛልና ስሙኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። የቁልቢው ገብርኤል ያደረገልኝን በአደባባይ እመሰክራለሁ ብዬ ተስያለሁና ይኸው።

ልጄ ሜሪላንድ ሲወለድ ደኅና ነበር። ሁለት ወር ሲሞላው ግን ጡት መጥባት አቃተው፤ ጥቂት ስቦ ላብ በላብ ይሆናል፤ ከንፈሩም ነጣ። ሄሞግሎቢኑ 4 ሆኖ ተገኘ፤ ደሙ እጅግ አንሷል ማለት ነው። ሐኪሟ ውጤቱን ካየች በኋላ አውራ ጣቱን ይዛ አገላበጠችው። አውራ ጣት ሁለት አንጓ ሊኖረው ሲገባ፣ የእርሱ እንደ ሌሎቹ ጣቶች ሦስት አንጓ አለው። «የአባቱ ወገኖች ጣት» እየተባለ ሲሳም የከረመው ጣት ለካ የበሽታው ምልክት ኖሯል!

በሽታው ዳይመንድ ብላክፋን የደም ማነስ ይባላል። መቅኔ ቀይ የደም ሴል በበቂ ማምረት ያቅተዋል። በእኛ ቤት መንስኤው አርፒኤስ 19 የተባለ ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ ባለቤቴም ሲመረመር ያው ተገኘበት። እርሱ ግን «ትንሽ ደም ማነስ አለብህ» ከመባል በቀር ታሞ አያውቅም።

ዘመድ ሁሉ ጤፍና ጉበት አብሉት ይለናል። የጎደለው ብረት ቢሆንማ ምን ነበረበት! በየወሩ ከሚሰጠው ደም ጋር የሚገባው ብረት መውጫ አጥቶ ጉበቱ ላይ ይከማች ነበር። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ብዙ ልጆችን ይረዳል፤ የእኔን አልረዳም። መድኃኒቱን ትታችሁ ጸበል ብቻ አስጠምቁት ያሉንም ነበሩ። የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ «ሐኪሙን ማን ፈጠረው?» አሉ።

የቀረው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነበር። ለእኛ ለጥቁሮች ከለጋሾች መዝገብ የሚስማማ ሰው ማግኘት ከነጮቹ ይልቅ ይከብዳል፤ ተስፋችን ታላቅ እህቱ ነበረች። እርሷም የአባቷን ጉድለት ያልወረሰች መሆን አለባት፤ ይህ ግማሽ በግማሽ ነው። ጤነኛ መምሰሏ ዋስትና አይሆንም፤ አባቷም ጤነኛ ይመስላል። በዚያ ላይ መቅኔዋ ከወንድሟ ጋር መግጠም አለበት፤ ይህ ደግሞ ከአራት አንድ ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ሥዕሉ ፊት ወድቄ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣህ ሆይ፣ ልጄን ብታተርፍልኝ ጃንጥላ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» አልሁ። ሐኪሟ ደውላ «ጉድለቱ የለባትም፤ ደግሞም ትገጥማለች» ስትለኝ እልልታዬ ሕንጻውን አናወጠው። የታች ቤት ጎረቤታችን ደንግጦ መጥቶ በር አንኳኳ፤ አቅፌ ሳምሁት።

ንቅለ ተከላው ቀላል አልነበረም። ጸጉሩ ረገፈ፤ አፉ ቆስሎ ምራቁን መዋጥ እንኳ አቃተው። ነገር ግን የእህቱ መቅኔ ያዘለት። የደሙ ዓይነት ኦ ነበር፤ አሁን እንደ እህቱ ኤ ሆኗል። እርሷም በተጣሉ ቁጥር «ደሜን መልስ» ትለዋለች።

የታኅሣሥ 19 ትኬታችንን ቆርጠናል፤ ጃንጥላውም ተገዝቷል። ልጄ ደም መውሰድ ካቆመ ቆይቷል። እንዲያውም የተከማቸው ብረት እንዲቀንስ አሁን በየጊዜው ደም ይቀዳለታል፤ ከእጁ ሲወጣ እያየሁ «ተመስገን» እላለሁ፤ ነርሷ ግራ ይገባታል።