የ21 ማርያም ዲስክ

ነገሩን ያስጀመረችኝ ከሰባት ዓመት በፊት ሠርጓን ያነሳሁላት ልጅ ናት። ኅዳር ላይ ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤቴ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። «ጋሼ፣ እናቴ አረፈች። ለአርባዋ በትልቁ የምናሳጥበው ፎቶ አጣን። በሠርጌ ቀን በር ላይ ቆማ ያነሳሃት አለች፣ እሷን አውጣልኝ» አለችኝ።

ፎቶዋን አልረሳኋትም። እናቲቱ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው፣ ልጃቸው መኪና ውስጥ ስትገባ በሩን ደገፍ ብለው ሲያይዋት ነው ያነሳኋቸው። ፎልደሩን ከፈትኩ። ፋይሉ አለ። ተከፈተ። ከላይ ሻሹ አለ፣ ግንባሩ አለ፣ ከቅንድባቸው በታች ግን ድፍን ግራጫ ነው። ሌላ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ኮፒ ስላለኝ ብዙም አልደነገጥኩም። ሰካሁት። እዚያም ያው ግራጫ፣ በዚያው መስመር ላይ የተቆረጠ።

ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን እያየች ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ገባኝ። ፎቶው መጀመሪያ የተበላሸው አንደኛው ዲስክ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሳላውቅ የተበላሸውን ነው ወደ ሁለተኛው የገለበጥኩት። ኮምፒውተሩ ምንም አላለኝም፤ ኮፒ ሲያደርግ ያገኘውን ያስተላልፋል እንጂ የእናትየው ፊት ይኑር አይኑር አያይም። ሮው ፋይሉን፣ ካሜራው የሰጠኝን ያልተነካ ኦሪጅናል፣ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ሥራውን ባስረከብኩ በዓመቱ አጥፍቼዋለሁ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያለኝ ሁሉ ሲደመር 5 ቴራባይት ገደማ ነው። የ11 ዓመት ሠርግ፣ ክርስትና፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ በየዓመቱ ፋሲል መዋኛ የማነሳው ጥምቀት። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ባሉት ሦስት ቀናት ብቻ ወደ 4,000 ፎቶ አነሳለሁ፤ አንዱ ሮው 25 ሜጋባይት ቢሆን 100 ጊጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የአባቴ ኔጋቲቮች አሉ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ትቶልኝ ያረፈው፣ አንድ ክረምት ሙሉ ስካን ያደረግኳቸው። ይሄ ሁሉ በፕላስተር ስም በተለጠፈባቸው ሰባት ዲስኮች ላይ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ተበድሬም ቢሆን ሁለት ዲስክ የሚይዝ ሲኖሎጂ የሚባል የማስቀመጫ ሳጥን ከሁለት ባለ 8 ቴራ ዲስኮች ጋር ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ልጆቹ «ናስ» ነው የሚሉት፤ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይገናኝና ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ይደርስበታል። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው መስታወት ናቸው፣ ሬይድ 1 የሚባለው። 16 ገዝተህ 8 ነው የምታገኘው፤ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥር እሱም 7.2 ምናምን ሆኖ ይታይሃል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚዘናጋው። ሬይድ ባክአፕ፣ ማለትም ለክፉ ቀን ለብቻው የሚቀመጥ ኮፒ፣ አይደለም! በስህተት አንድ ፎልደር ባጠፋ በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል። ሌባ ሳጥኑን አንስቶ ቢሄድ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

እኔ የፈለግኩት ያንን ግራጫ የሚይዝልኝ ነገር ነበር። ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም፣ ዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደረደሩበት ሥርዓት፣ ይሄን ያደርጋል። ለዳታው ቼክሰም ይይዛል፣ እንደ ጣት አሻራ በለው። በኋላ ሲያነበው አሻራው ካልገጠመ ከሌላኛው ዲስክ ደህናውን አምጥቶ ይጠግነዋል። ግን ናሱ ላይ ሼርድ ፎልደሩን (ፎቶው የሚገባበትን የጋራ ፎልደር) ስትፈጥር ቼክሰም የሚለውን ራስህ ማብራት አለብህ፤ በኋላ ልጨምረው ብትል አይሆንም። እኔ አልፌው ግማሽ ቀን ኮፒ ካደረግኩ በኋላ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ።

ኮፒው ራሱ ፈተና ነበር። በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ይሄዳል ያልኩት በ11 ይንፏቀቃል። በዚያ አካሄድ ከአምስት ቀን በላይ ነው። ሴቲንጉን ስነካካ አመሸሁ። በመጨረሻ ራውተሩ ላይ ያለችው መብራት ቀለሟ የተለየ መሆኑን አየሁ። ኬብሉ ውስጥ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ጫፉ ላይ ተበጥሳለች። ጊጋቢት የሚባለው ፈጣኑ ግንኙነት ስምንቱንም ይፈልጋል፤ አንዷ ስትጎድል በአራቱ ብቻ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። በአዲስ ኬብል ቀየርኩት፣ ፍጥነቱ መጣ።

መብራት በሄደ ቁጥር እንዳይሞትብኝ ዩፒኤስ፣ ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ፣ ገዛሁ። ከናሱ ጋር በዩኤስቢ ተገናኝቷል፤ መብራት ከጠፋ ናሱ አምስት ደቂቃ ይጠብቅና ራሱን በሥርዓት ያጠፋል። ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ሰው ካለ እባካችሁ መጀመሪያ እሱን ግዙ።

ከሰባቱ ዲስኮች 214 የተበላሹ ፎቶዎች አገኘሁ። የየሠርጉን ስም ደብተር ላይ ጻፍኩ። አንድ ሌሊት ፈጀብኝ።

ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ኮፒ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ከቤት ውጪ የሚለው ላይ ኢንተርኔት አስቤ ነበር። የመጫኛ ፍጥነቱ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ቢሰጠኝ እንኳ 5 ቴራ ለመጫን ከ110 ቀን በላይ ይፈጃል። ተውኩት።

አባቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሄድን ቁጥር የሚያወራልኝ ነገር ነበር። በ1880 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ያቺ ቤተ ክርስቲያን የተረፈችው የንብ መንጋ ወጥቶ ስለመለሳቸው ነው ይባላል። ልጅ ሆኜ ንቦቹን ነበር የማስበው። አሁን ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብዬ ሳይ የማስበው የተቃጠሉትን ሌሎቹን ነው። እነሱም ላይ ፊት ተሥሎ ነበር።

አዘዞ እህቴ አለች። ሁለት ትልልቅ ኤክስተርናል ገዛሁና አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ ሆነ። በየወሩ በ21 ማርያምን ስሜ ስወጣ አዲስ ኮፒ ያደረግኩበትን ይዤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ እሷ ጋ የነበረውን ተቀብዬ እመለሳለሁ። ቀኑን የመረጥኩት ስለማልረሳው ነው። እሷ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከልብስ ሳጥኗ ሥር ታስቀምጠዋለች።

ለልጅቷ ያቺን ፎቶ ማዳን አልቻልኩም። ግን የዚያን ቀን 1,300 ፎቶ አንድ በአንድ ሳይ እናቲቱ ከኋላ መሶብ ይዘው ሲያልፉ የገቡባት አንዲት አገኘሁ። ፊታቸው ወደ ጎን ነው፣ ትንሽ ደብዝዟል። ቆርጬ፣ አሳጥቤ፣ ራሴ ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት። ብዙ አየችው። «አዎ፣ እንዲህ ነው የምትሄደው» አለች።

ያለፈው 21 እህቴ ጋ ላፕቶፕ ይዤ ሄድኩ። ዲስኩን ሰክቼ ዝም ብሎ አንድ ፎልደር መክፈት ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ያልተከፈተ ባክአፕ አለ አይባልም። የአባቴ ስካን ወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው። አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ፋሲል ግንብ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታስራለች፣ የአንደኛው እግሯ ካልሲ ወርዷል።

«ይቺ እኔ ነኝ እንዴ?» አለች እህቴ።

ጀበናው ገንፍሎ ፍሙ ላይ ሲንጫጫ እንኳ ቀና አላለችም።