በኢንተርኔት ያገኘነውን የዘር ሐረግ ስለማጣራት

ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን በአንድ ድረ ገጽ ላይ ያሰፈረው የዘር ሐረግ ቅድመ አያታችን በ1900 ድሬዳዋ ተወለዱ ይላል፤ የዘመን አቆጣጠሩን ግን አይጠቅስም። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ የደረሰውና ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ነገሩ ያስኬዳል፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን የትውልድ ቦታው ወይም ዘመኑ ተሳስቷል ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ቀን ከመቀበሌ በፊት ከየትኛው ሰነድ እንደተቀዳ እጠይቃለሁ።

ከቀን ይልቅ የሚያሳስበኝ ስም ነው። እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ሆኖ ሳለ ድረ ገጾቹ ለትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ስለሚጠብቁ፣ የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባና ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ የክርስትና ስም ሲጨመርበት ደግሞ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ብዙ ገጾች አንድ ዓይነት ነገር ቢጽፉም ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተገለበጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ መስማማታቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩትን አክስቴን ስጠይቃቸው የተጻፈውን አስቀድሜ አላነብላቸውም፤ «እትዬ፣ የአባትዎ እናት ማን ይባሉ ነበር?» ብዬ እጀምርና መልሳቸውን ከአያቴ የጡረታ ደብተርና ከመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ጋር አመሳክራለሁ። በሕይወት ያሉ ዘመዶቼን የልደት ቀን ግን ድረ ገጹ ላይ አላሰፍርም።