ፋሲካ ማታ፣ ኒው ኦርሊንስ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ያላችሁ፣ ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት እየሠራችሁ በዓሉን በስልክ የምታሳልፉ፣ እዚህ አሜሪካ ከቅዳሴ ወጥታችሁ በቀጥታ ሥራ የገባችሁ፣ ሁላችሁንም አስቤያችኋለሁ።

ፋሲካ በመጣ ቁጥር አንድ ማታ ትዝ ይለኛል። መጋቢት 30 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 8 ቀን 2018 ነበር። ሌሊቱን አስቀድሰን፣ ጾሙን ፈትተን፣ ቀን ተኝተን፣ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ልጅ ቤት ተሰበሰብን። ቄጤማው ወለሉ ላይ ነው። ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ነው። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ሬስሊንግ ላይ አድርገውታል። ሬስልማንያ፣ የዓመቱ ትልቁ የሬስሊንግ ዝግጅት ነበር፣ ከኒው ኦርሊንስ በቀጥታ። እኔ የምጠብቀው አንድ ሰው ነበር፤ ብራያን ዳኒየልሰን። ልጆቹ የሚያውቁት ዳንኤል ብራያን በሚለው ስሙ ነው።

ሬስሊንግ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ውሸት ነው" ነው። አሸናፊው አስቀድሞ መወሰኑ እውነት ነው። አወዳደቁ ግን ውሸት የለበትም። ሪንጉ ከሥር ብረት ነው፤ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ስስ ስፖንጅ፣ ከዚያ ሸራ። በጀርባው የሚወድቅ ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ በሁለት እጁ ሸራውን ይመታል፣ ትንፋሹን ያስወጣል። ይህን እስኪሰለቸው ይለማመዳል። ለምዶትም ያመዋል።

በቴሌቪዥን የምናያቸው ደግሞ ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ "ኢንዲ" የሚባለው ውስጥ ነው የሚሠሩት። በየከተማው ትንንሽ አዘጋጆች አሉ። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ሪንግ ይተክላሉ፣ ሬስለሩን ለአንድ ማታ ይጠሩታል። ወርሃዊ ደመወዝ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም። አንድ ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝግጅት አይቻለሁ። መቶ የሚሆን ሰው በታጣፊ ወንበር ተቀምጧል። ሲያልቅ፣ ከሃያ ደቂቃ በፊት ከገመዱ ላይ የተወረወረው ልጅ በር አጠገብ ጠረጴዛ ይዞ ቲሸርትና ፎቶ ይሸጥ ነበር። ጉልበቱ ላይ በፕላስቲክ የታሰረ በረዶ አለ። በአንድ እጁ በረዶውን ይዞ በሌላው መልስ ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙን ጠይቆ ነበር የሚፈርመው። የት እንደሚያድር ጠየቅኩት። አያድርም፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ መኪና ሌሊቱን ኦሃዮ ይነዳሉ።

ዳኒየልሰን የወጣው ከዚያ ነው። አበርዲን ከምትባል የዋሽንግተን ግዛት ከተማ፣ የእንጨት ቆራጭ ልጅ ነው። ሃይስኩል ጨርሶ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ዝነኛው ሬስለር ሾን ማይክልስ የከፈተው የሬስሊንግ ትምህርት ቤት ገባ። 1999 ላይ መሥራት ጀመረ (ከዚህ በኋላ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ትልቁ ድርጅት፣ ዛሬ WWE የሚባለው፣ ለልምምድ ወስዶት ብዙም ሳይቆይ በ2001 አሰናበተው። ገና ሃያ ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስምንት ዓመታት ናቸው እኔን የሚገርሙኝ። በ2002 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሪንግ ኦፍ ኦነር የሚባለው ትንሽ ድርጅት ሲከፈት የመጀመሪያው ማታ ዋና ግጥሚያ ላይ ነበር። ጃፓን ሠራ። እንግሊዝ አገር ቤተሰብ ለእረፍት በሚሄድባቸው መንደሮች ሠራ። ከ2005 እስከ 2006 የሪንግ ኦፍ ኦነርን የሻምፒዮና ቀበቶ 462 ቀን ያዘ፤ መጨረሻ ላይ ትከሻው ተጎድቶ ነበር፣ እንደዚያው ጨረሰው። በ2007 ኒው ዮርክ ላይ ከጃፓናዊው ታኬሺ ሞሪሺማ ጋር ሲጋጠም ተመቶ የዓይኑ ሬቲና ተላቀቀ። ግጥሚያውን አላቋረጠም። ያኔ ለእሱ "አንድ ቀን ትልቅ ትሆናለህ" ብሎ ቃል የገባለት አልነበረም። አጭር ነው፣ ቁመናው ለቴሌቪዥን አይሆንም ይባል ነበር። የሚያየው ጥቂት መቶ ሰው ነው። ለእነዚያ ጥቂት መቶዎች ግን ሙሉ ሥራውን ይሰጥ ነበር። ኋላ ትልቁ ድርጅት መልሶ ወሰደው። በ2014፣ ያችው ኒው ኦርሊንስ ስታዲየም ውስጥ ቀበቶውን ሲያነሳ ከሰባ ሺህ በላይ ሰው የእሱን መፈክር "ዬስ! ዬስ!" እያለ የጮኸው፣ እኔ እንደማምነው፣ በእነዚያ ትንንሽ አዳራሾች በተሠራ ሥራ ነው።

ደስታው ግን አልቆየለትም። በዚያው ወር አባቱ ሞቱ። አንገቱ ኦፕራሲዮን ሆነ። ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ ተመቶ ስለነበር ሐኪሞች ከለከሉት። ፌብሩዋሪ 2016 ሲያትል ላይ፣ እናቱ እያዩት፣ መሥራት ማቆሙን ተናገረ። ሥራ በጀመረ በአምስት ወር ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ኮንከሽን፣ ማለትም የጭንቅላት መናወጥ፣ እንደደረሰበት የነገረን ያን ቀን ነው። ብዙ ጊዜ የደጋገመው ቃል ግን ምስጋና ነበር።

ያን ዓመት እኔም ተኝቼ ነበር። ዕቃ የማደርስለት ድርጅት ተቀጣሪዬ አይደለህም፣ በራስህ ነው የምትሠራው ይለኝ ነበር። ወገቤ ሲያዝ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። አራት ወር ቤት ዋልኩ፣ አንድም የጠራኝ የለም። የዳኒየልሰንን ንግግር በስልኬ ያየሁት ወለል ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው።

እሱ ሁለት ዓመት ከሐኪም ሐኪም ዞረ። ማርች 2018 ላይ ተፈቀደልህ ተባለ። እዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ጭንቅላት ነው፣ ቀልድ አይደለም። ሚስቱ ብሆን እሺ እል ነበር? እንጃ። ግን ያን ማታ ቡናዬን ይዤ ስጠብቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ግጥሚያው ሁለት ለሁለት ነበር። ደወሉ ሳይደወል ተጋጣሚዎቹ ኬቨን ኦወንስና ሳሚ ዜን ደበደቡት። እነሱም የኢንዲ ልጆች ናቸው፤ ስንት ዓመት በየአዳራሹ የተንከራተቱ። ኦወንስ አንሥቶ ሪንጉ ጠርዝ ላይ ጣለው። ሐኪሞች ከበቡት። እንደዚህ እንደሚሆን አስቀድሞ የተጻፈ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አንገቱን ሲይዝ ቤቱ ውስጥ ፀጥ አልን። የአክስቴ ልጅ ትንሹ ወንድ ልጅ "ሞተ እንዴ?" አለ። አብሮት የሚጋጠመው ጓደኛው ብቻውን ሲታገል ቆየ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ አንድ እጅ የሪንጉን ጠርዝ ያዘ። ልጁ ጀበናው አጠገብ ዘሎ ተነሥቶ ሁለት ጣቶቹን ወደ ጣሪያ ቀሰረ፤ "ዬስ! ዬስ!" አክስቴ ከወጥ ቤት ደንግጠው መጡ። ዳኒየልሰን ሳሚ ዜንን እጅ አሰጠው።

ኦክቶበር 2024 ላይ፣ ለልጁ ቃል እንደገባው፣ የሙሉ ጊዜ ሥራውን አቁሟል። የመጨረሻው ግጥሚያ ታኮማ ላይ፣ በገዛ ግዛቱ ነበር። ተሸንፎ ወጣ። እኔም አሁን ወገቤ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በራሳችሁ የምትሠሩ፣ የምትነዱ፣ የምታጸዱ፣ ታማችሁ ቤት ስትውሉ የሚደውልላችሁ ያጣችሁ፣ ይህ ሰላምታ በተለይ ለእናንተ ነው። ማክሰኞ ቤት ነኝ። ዶሮው አላለቀም፣ ድፎ ዳቦም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ደውሉልኝና ብቅ በሉ። ራቅ ያላችሁ ደግሞ ቁጥራችሁን ላኩልኝ፣ እኔ እደውላለሁ።