የማን ስምንት?

ይህን የምጽፈው አለቃዬ ባለፈው ሳምንት አዲስ ለተቀጠረችው ልጅ ደንበኛችን ባሕር ዳር ጭቃ ላይ የቀሩበትን ታሪክ ሲያወራላት ሰምቼ ነው። በእሱ አተራረክ ጥፋቱ የካርታዬ ነው። ካርታዬ ምንም አላጠፋም።

የምሠራው ለገሀር አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ አሉን፣ ኮንትራክተር ናቸው። ላንጋኖ ቆሮሶ፣ ጫሞ ናይል ፐርች ሲያጠምዱ ኖረው የሐይቅ ዓሣ ሰለቸኝ አሉና ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ኬንያ፣ ላሙ ለመሄድ ተነሡ። ጥልቅ ባሕር አልፈለጉም፣ ማዕበል ሆዳቸውን ይረብሸዋል። የፈለጉት ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ በሚበቅሉት በማንግሮቭ ዛፎች መሀል እየተጠማዘዙ ወደ ምድር የሚገቡትን ጠባብ የባሕር ውሃ መንገዶች፣ ክሪኮችን ነው። ፈልጊ ተባልኩ።

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ሴንቲኔል 2 የሚባሉት ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ እያለፉ ያነሳሉ፣ ምስሉም ነፃ ነው። ችግሩ የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር ናት፤ ከዚያ የጠበበውን ክሪክ እንደሌለ መቁጠር ነው። ደስ የሚለው ደግሞ ሁሌ የሚያልፉት በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ረፋድ ላይ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ። ባሕር በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ላሙ ላይ ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን ውሃው እስከ መጨረሻው የሚሸሸው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ የሙሉ ጨረቃ ሰሞን ምስሎችን ብቻ እየለቀምኩ አየሁ። ጭቃው ፈካ ብሎ ይወጣል፣ ጥልቁ መሀሉ ላይ እንደ ጥቁር ክር ይቀራል። ክሩ በየመታጠፊያው ወደ ውጨኛው ዳር ይጠጋል። የክሪኩ አፍ ላይ ደግሞ ደለል ይከመራል፣ ጀልባ የሚይዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ይህን ካርታ ላይ ለማስፈር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ክሩ ይታየኝ ነበር።

ክሪክ የሚገባው ውሃው እየሞላ ሳለ ነው። ደለል ቢነካችሁ እንኳ ትንሽ ቆይቶ ውሃው ራሱ ያነሳችኋል፣ ዓሣውም ከውሃው ጋር ወደ ማንግሮቩ ሥር ይገባል። እየጎደለ ሳለ የነካችሁ እንደሆነ ግን ያው መቀመጥ ነው። የመረጥኩት ቀን ባሕሩ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ መነሻውን ከቀኑ 8:00 አልኩ። ኬንያና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም ብዬ ደግሞ ልቤን ሞልቼ ተኛሁ።

አለቃዬ ፕሮግራሙን ላሙ ላለው ወኪል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀረች። 8:00 ብቻ ሄደ።

በቀኑ ጠዋት ከአራት ኪሎ ታክሲ ተሳፍሬ እየመጣሁ ነው፣ ጉልበቴ ላይ የሌላ ሰው ፌስታል ተቀምጧል። ስልኬ ጮኸ።

«ጀልባው መጥቷል እኮ» አሉኝ ደንበኛው።

«የትኛው ጀልባ ጋሼ?»

«የኛው ነዋ። ስምንት ሰዓት አላልሽም? ገና ሁለት ሰዓት ነው። እንሂድ ወይስ ቁርሳችንን እንብላ?»

ሰውዬው ስምንትንና ሁለትን ባንድ ትንፋሽ ጠርተውልኝ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ያድርጉልኝ? እኔ ደግሞ በአንድ በኩል «ወራጅ!» እያልኩ፣ በሌላ በኩል «እዚያ ያለው ሰው ባሕሩን ያውቃል ጋሼ፣ ሂዱ» አልኳቸው።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይተው ደወሉ።

«ወንዙ ደረቀብን።»

«ጋሼ፣ ወንዝ አይደለም፣ ክሪክ ነው። አይደርቅም።»

«አይደርቅም? ጫማዬን አውልቄ ጭቃ ላይ ቆሜ ነው የማናግርሽ። ሸርጣን በእግሬ ሥር እያለፈ ነው።»

«ይመለሳል።»

«መቼ?»

ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የያዘውን ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ከየት ወደ የት እንደምቆጥር ጠፍቶኝ፣ «አምስት ሰዓት ከምናምን ላይ ትንሳፈፋላችሁ» አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «የማን አምስት?» አሉ።

ያኔ ገባኝ። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ነገሩ ክፉ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ባሕሩ ከሙላት ወደ ጉድለት ለመድረስ 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለውም 6 ነው። በሌላ ስህተት ትንሽ ይዛነፍ ነበር፣ ይሄኛው ግን ልክ ተቃራኒው ላይ ወስዶ ይጥላል። ቆይተው ፎቶ ላኩልኝ። ጀልባው በጎኑ ተጋድሟል፣ ዙሪያው ፈካ ያለ ጭቃ ነው፣ ራቅ ብሎ አንድ ቀጭን ጥቁር ውሃ ይታያል። ስክሪኔ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት። ክሩ ያልኩት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ መሀል ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ጀልባ ነጂው ገና ሲነሱ ተቃውሞ ነበር አሉ። ውሃው እየጎደለ ነው ብሏል። ወኪሉ ነው «ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት 8 ይላል» ብሎ ያስነሳው። በኋላ ለወኪሉ ደወልኩና ተነጋገርን፣ እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ያለኝ ነው። ስዋሂሊዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ነው። ከቀኑ ስምንትን ነጂው «ሳ ናኔ» ነው የሚለው፣ ናኔ ስምንት ነው። እኔ በአማርኛ ስምንት ብል፣ እሱ በስዋሂሊ ስምንት ቢሰማ፣ ጀልባው በሰዓቱ ይመጣ ነበር። ሁለታችን መሀል ያ የተተረጎመ ወረቀት ባይገባ ኖሮ።

አለቃዬ ግን «ባሕር ያላየ ሰው በሳተላይት ዓሣ ሊያስይዝ» እያለ ይስቃል። «ከቀኑ» የት ሄደች ስለው የፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ጠቦኝ ነው አለ። እኔም «ሂዱ» ያልኩትን አልነገርኩትም።

ደንበኛው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ተንሳፈፉ። ውሃው ሲመለስ ዓሣውም አብሮት ገባ፣ እነሱ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ክሪኩ አፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጉዞው ሁሉ ብዙ የያዙት ያን ቀን ነው። አሁን ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «ልጅቷ አስባበት ነው» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወሉ። እንደገና መሄድ ይፈልጋሉ፣ እዚያው ክሪክ፣ በዚያው በስምንት ሰዓቱ። የትኛው ስምንት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።